ዘጠኝ ሰዓት እስኪደርስ

እማሆይ አበበች የደም ግፊት ክኒናቸውን ከልጃቸው እጅ አይቀበሉም። ጠዋት ጠዋት አዲስዓለም አንዷን ፍሬ አውጥታ፣ ውሃውን በኩባያ ይዛ አልጋቸው አጠገብ ስትቆም «አስቀምጪው» ይሏታል። በርጩማው ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ፊቷን ወደ በሩ ስታዞር ያነሡና ይውጣሉ። ጾምም ቢሆን ይውጣሉ፤ የነፍስ አባታቸው «ለሕመም ነው» ብለው ፈቅደውላቸዋል። ይህ «አስቀምጪው» የሚባል ነገር ከተጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። አዲስዓለም በምትሠራበት ጤና ጣቢያ ጽንስ የማቋረጥ ሥልጠና የወሰደችው አዋላጅ እሷ ብቻ መሆኗን አንዲት ሴት በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለእማሆይ የነገረቻቸው ሰሞን ነው የተጀመረው። እናትና ልጅ ስለ ነገሩ አንድም ቀን አልተነጋገሩም። መጀመሪያ አካባቢ አዲስዓለም ክኒኑን ካስቀመጠች በኋላ እጇን ታየው ነበር። አሁን አታየውም። ጋቢያቸውን በእግራቸው በኩል ታስተካክልና ትወጣለች።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ ጥቅምት ከገባ ሳምንት አልሞላውም። ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ገና ከግቢው አልወጣም፣ የቧንቧው ጎማ ደርቆ እንደ ዱላ ቀጥ ብሏል። ግቢው የጋራ ነው። በአንድ ጣራ ሥር እማሆይና አዲስዓለም በአንድ ወገን፣ ወንድሟ ቄስ ገብረመድኅን ከሚስቱ ከሠርካለምና ከሦስት ልጆቹ ጋር በሌላው ወገን ይኖራሉ። መካከላቸው ያለው የጭቃ ግድግዳ ሳል ያሳልፋል፣ የልጅ ለቅሶ ያሳልፋል፣ ዳዊት ሲደገምም ቃል በቃል ያሳልፋል። ባልና ሚስቱ ሲነጋገሩ ግን አዲስዓለም ሰምታ አታውቅም። ገብረመድኅን ከቧንቧው አጠገብ ፊቱን ይታጠብ ነበር። «እማሆይ ዋጡ?» አላት። «ዋጡ» አለችው። ሠርካለም ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ተከናንባ፣ ዘንቢል አንጠልጥላ ከወዲያኛው በር ብቅ አለች። ጉልት ድረስ ሄጄ ድንች ላምጣ አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለግቢው። ድንች ኪሎው ሠላሳ አምስት ብር ገብቷል፤ ባለፈው ሳምንት ሠላሳ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ስለ ድንቹ ትንሽ ተባባሉ። ገብረመድኅን ቀና ብሎ ሚስቱን አያት፤ ረዘም ያለ ማየት ነበር፤ ከዚያ ቧንቧውን ዘጋ። ሦስቱም በየተራ በአንዱ በር ወጡ።

በጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ሴቶቹ በአግዳሚ ወንበሮቹ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ ገሚሱ ሆዷ ገፍቷል፣ ገሚሱ ለክትባት ልጅ አዝላ መጥታለች። አዲስዓለም ሥዕል ያለበትን ትልቁን ወረቀት ወንበር ላይ አስደግፋ የጠዋቱን ትምህርት ጀመረች። ሥዕሉ ላይ ያለችው ሴት ሁለት ልጆች አሏት፤ ባሏ ክራቫት አስሮ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጓል። እንደዚያ ለብሶ ሚስቱን ጤና ጣቢያ ያመጣ ወንድ አዲስዓለም በዘጠኝ ዓመት ሥራዋ አላየችም። መርፌው በየሦስት ወሩ ነው፣ በክንድ የሚቀበረው ለሦስት ወይም ለአምስት ዓመት ነው፣ ክኒኑ ግን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ነው፤ «ጠዋት ፊታችሁን ታጥባችሁ፣ ሌላ ነገር ሳትይዙ፣ ዋጥ ማድረግ ነው» አለች። ፊት መታጠቡን የጨመረችው ራሷ ናት፤ የማስተማሪያ መጽሐፉ ላይ የለም። እንዲያስታውሱት ብላ ነው።

«ሲስተር፣ ለወንዶቹ የሚዋጥ አልመጣም?» አለች አንዲት ከፋርጣ ገጠር የመጣች ሴት።

«አልመጣም።»

«ቢመጣስ መች ይውጡታል» አለች ጎኗ ያለችው፣ ልጇን ጡት እያጎረሰች። «ፈጭተን ወጡ ውስጥ ካልነሰነስንላቸው!»

«የኔው ይቀምሰዋል! ‹ዛሬ ወጡ ምን ነካው› ብሎ እስከ ጎረቤት ነው የሚሰማው።»

በረንዳው በሳቅ ሞላ። አዲስዓለምም ሳቀች፤ ቀልዱን ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች፣ በየጊዜውም ትስቃለች። «ጥያቄ ያላት አለች?» አለች በመጨረሻ። ጥያቄ የለም። ጥያቄ ኖሮ አያውቅም። ከኋላኛው ወንበር ጫፍ፣ ዓምዱ የሸፈናት አንዲት ነጠላ የተከናነበች ሴት ብቻ ከሌሎቹ ጋር እንዳልሳቀች አስተዋለች። ካርዶቹን ሰብስባ ወደ ክፍሏ ገባችና አንድ በአንድ መጣራት ጀመረች። አራተኛው ካርድ ላይ «ማሬ ሙላቴ» ይላል። ስትጣራ ዘንቢሏን ይዛ የተነሣችው ሠርካለም ነበረች።

ሠርካለም ገብታ በሩን ራሷ ዘጋችው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ የምርመራ አልጋ፣ ጨርቁ የተቀደደ መከለያ፣ ሚዛን፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ መስኮት። አዲስዓለም ካርዱን ደግማ አነበበችው። ዕድሜ ሠላሳ ሦስት፣ የተወለዱ ሦስት፣ ቀበሌው የሌላ ነው።

«ማሬ ማን ናት?»

«ለካርዱ ነው። የመምሬ ገብረመድኅን ሚስት ብዬ ላስጽፍ?»

«ቤት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት፣ ሠርኬ? መሀላችን ያለው እኮ ግድግዳ ነው።»

«እሱ ግድግዳ ነው እንጂ የሚያስፈራኝ» አለች ሠርካለም። ዘንቢሏን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ያዘችው። «ከፍልሰታ ወዲህ ወር አበባዬን አላየሁም።»

ሽንቷ ተመረመረ። አዲስዓለም ውጤቱን እንደማንኛውም ሴት ውጤት አነበበችው፣ ቀኑን አሰላች፤ ዘጠኝ ሳምንት ገደማ። አስልታ ስትጨርስ ነው አንድ ነገር ከሩቅ እንደሚመጣ ድምፅ ጆሮዋ የደረሰው። ከሁለት ዓመት በፊት ሠርካለም ሦስተኛውን ልጅ ስትወልድ ማህፀኗ ተተርትሮ በሆስፒታል ነው የተሰፋው። ሐኪሙ ጓንቱን ሳያወልቅ ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ ለገብረመድኅንና ለአዲስዓለም፣ «ከእንግዲህ ብታረግዝ አትተርፍ ይሆናል፤ ከፈቀዳችሁ ማህፀኗን ልቋጥረው» አላቸው። ገብረመድኅን «እሱን እንመካከርበታለን» አለ። ምክሩ እስከ ዛሬ አልተደረገም። አዲስዓለም ከወር በኋላ ክኒን ይዛ ወደ ወዲያኛው በር ሄደች። መርፌ ለመወጋት በየሦስት ወሩ ደጅ መጥናት አለ፣ በክንድ የሚቀበረውን ደግሞ ባል በእጁ ዳብሶ ያገኘዋል፤ ክኒን ግን ከምስር ማሰሮው ውስጥ ይደበቃል። ሠርካለም ነበረች እንዲህ ብላ የመረጠችው።

«ዶክተሩ ያለውን ታስታውሻለሽ?»

«ለእኔ አልነገረኝም። የነገረው ለእናንተ ነው» አለች ሠርካለም።

አዲስዓለም መዝገቡን ገለጠች። ሕጉን በቃሏ ታውቀዋለች፤ እርግዝናው ለእናቲቱ ሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ይፈቀዳል፣ የባል ፊርማ አይጠየቅም፣ ሴትየዋ በራሷ አፍ መናገር ግን አለባት። «ምን ላድርግልሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ሠርካለም የዘንቢሉን ጆሮ አጣመመችው። «ልጆቼን ማሳደግ ነው የምፈልገው» አለች። አዲስዓለም ይህ እንደማይበቃ ነገረቻት። በውጭ አንድ ሕፃን የክትባት መርፌ ሲወጋ ጮኸ፣ እናቱ «አበቃ፣ አበቃ» ስትለው ተሰማ። «አውጪልኝ» አለች ሠርካለም።

አዲስዓለም ለዘመድ እንዲህ ያለ ነገር ሠርታ አታውቅም። ወደ ሆስፒታል ልጻፍልሽ አለቻት፤ እዚያ ሌላ ሰው ያይሻል፣ አልጋ አለ፣ ደም አለ። ሠርካለም በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። እዚያ ከካርድ ክፍሉ እስከ ጥበቃው የገብረመድኅን የንስሐ ልጆች አሉ፤ ከእሷ ቀድሞ ወሬው ቤት ይገባል። ወንድምሽ በዚህ ተከሶ ከቅስናው ቢታገድ ልጆቹን ምን እናበላቸዋለን አለች። ብሞትም ያው ነው፣ እሱ ደግሞ ማግባት አይችልም፣ ሚስቱ የሞተችበት ቄስ ሁለተኛ አያገባም፤ ይመነኩስና ልጆቹ ለእማሆይ ይቀራሉ፣ እማሆይም አርጅተዋል። ይህን ሁሉ ስትናገር ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። ብዙ ቀን አስባበት፣ አሰልፋው የመጣችው ነገር ነበር።

የመድኃኒት ክፍሉ ኃላፊ ሳሙኤል ሌላውን መድኃኒት ሁሉ በመስኮት ያድላል፤ ጽንስ የሚያቋርጠውን ግን በእጁ አይሰጥም። አዲስዓለም ወረቀቱን ስታቀብለው አነበበ፣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፣ ስልኩን አንሥቶ ወደ በሩ ሄደ። ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ስልኩ ግን አይጠራም።

«ባሏ ያውቃል?» አለ፣ ጀርባውን እንደሰጣት።

«ሕጉ አይጠይቅም።»

«ሕጉን እኔም አንብቤዋለሁ፣ ሲስተር። ስለ ሕጉ አይደለም የጠየቅኩሽ። አራት ፓኬት ነው ያለን። መንገዱ እንዲህ እየተዘጋ ከቀጠለ እስከ ኅዳር ሌላ አይመጣም።»

«እስከ ኅዳር አራት ሴት ብቻ ናት በላቸዋ።»

«ለማን ልበል?» አለና ወጣ። አዲስዓለም አንዱን ፓኬት አነሣች፤ መደርደሪያው ላይ ሦስት ቀረ። በመዝገቡ ላይ ማሬ ሙላቴ ብላ ጻፈች፣ በምክንያቱ አምድ ደግሞ «ለእናት ሕይወት አስጊ»። የጻፈችው እውነት ነበር፤ ከስሙ በቀር።

አምስት ሰዓት ሆኗል። የመጀመሪያዋን ክኒን መዳፏ ላይ አድርጋ፣ ውሃ በኩባያ ይዛ ለሠርካለም ዘረጋችላት። ሠርካለም ክኒኗን አየቻት፣ የአዲስዓለምን መዳፍ አየች።

«አስቀምጪው» አለች።

አዲስዓለም እጇ እንደተዘረጋ ቆመ። ከዚህችም አፍ እሰማዋለሁ ብላ አላሰበችም ነበር። ምንም አልተሰማትም፤ ወይም የተሰማት ነገር ከሩቅ ነበረና ሊደርስባት ጊዜ ወሰደ። ክኒኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ረቡዕ አይደል?» አለች ሠርካለም። «ዘጠኝ ሰዓት ይድረስና እውጠዋለሁ።»

«መድኃኒት እኮ ነው።»

«ይሁና። በአፍ የገባ ያው በአፍ የገባ ነው።»

«እማሆይ እንኳ በጾም ጠዋት ይውጡ የለም እንዴ!»

«እሳቸው አስፈቅደው ነው። እኔ ምን ብዬ ላስፈቅድ?»

አዲስዓለም ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ጥያቄው ወደ አፏ የመጣው ቀስ ብሎ ነው፤ መልሱን ከጥያቄው በፊት ስላወቀችው ይሆናል። «ያንን ክኒንስ» አለች፣ «ያን እኔ የሰጠሁሽን፣ በጾም ቀን እንዴት ታደርጊው ነበር?»

ሠርካለም በጥያቄው የተገረመች መሰለች። ረቡዕና ዓርብ እተወው ነበር አለች፤ በማግስቱ ሁለት እያደረግሁ እውጠው ነበር። ፍልሰታ ሲገባ ግን ይቆረባል፤ ሥጋ ወደሙ ከገባበት አፍ ደግሞ እሱን መጨመር አልሆነላትም። ደግሞም በጾሙ ቄሱ መኝታ ይለያል፣ ለማን ብዬ እውጣለሁ? አሥራ ስድስቱን ቀን ተወችው። ጾሙ ሲፈታ ማሰሮውን ከፍታ ከቆመችበት ቀጠለች። «ጠዋት ፊትሽን ታጥበሽ ነው ያልሽኝ» አለች። «ጠዋት በጾም አይሆንም። ሌላ ሰዓት ይቻላል አላልሽኝም።»

አዲስዓለም አላለቻትም። ማታ ሲተኙ ቢውጡት ያው ነው፤ ፍልሰታም ቢሆን፣ ሁዳዴም ቢሆን፣ ማታ ጾም የለም። ይህን ለማለት ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። በዚያ በረንዳ ላይ ስንት ጊዜ ቆማ «ጥያቄ ያላት አለች» ብላለች፤ ስንት ሴት ደግሞ ስንት ረቡዕ፣ ስንት ዓርብ፣ ስንት ፍልሰታ እየተወች ሄዳለች፤ የእስላሞቹ ሴቶችስ ረመዳን ሲገባ እንዴት ያደርጉት ይሆን፤ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ልታስበው ሞከረችና አልቻለችም። ራሷም ጿሚ ናት። ዛሬም ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አልቀመሰችም። ግን ክኒኑንና ጾሙን በአንድ ራስ ውስጥ አስቀምጣ አታውቅም፤ አንዱ የሥራ ነው፣ አንዱ የቤት ነው።

ሠርካለም ወደ በረንዳው ወጥታ ከዓምዱ ኋላ ተቀመጠች። አራት ሰዓት ሙሉ ተቀመጠች። ሴቶቹ እየተከተቡ፣ እየተመዘኑ፣ እየተሰነባበቱ ሄዱ፤ ያቺ የፋርጣዋ ሴት ስታልፍ «አንቺ እስካሁን? ወይስ ለወንዶቹ የሚዋጠውን እየጠበቅሽ ነው!» ብላት አለፈች። ፀሐዩ ከበረንዳው ጫፍ ወደ ግድግዳው ተሻገረ። ባዶው ዘንቢል እግሯ ሥር ነበር። አዲስዓለም በዚያ መሀል ከአንበሳሜ መንገድ በቃሬዛ የመጣች አንዲት ወላድ አዋለደች፤ ሴት ልጅ፣ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ፣ አባትየው በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ የቃሬዛውን ጠፍር እየፈታ «ደህና ናት?» እያለ ሦስት ጊዜ ጠየቀ፤ ስለ እናቲቱ ይሁን ስለ ልጅቷ አልታወቀም። እጇን ታጥባ ስትወጣ ሥዕሉ ያለበትን ወረቀት ከወንበሩ አነሣችና ጀርባው ላይ በእስክርቢቶ «በጾም ማታ» ብላ ጻፈች። ቀለሙ ቀጭን ስለሆነ ደገመችበት። ከዚያ በላይ የምታደርገው ነገር አልመጣላትም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ሠርካለም ማንም ሳይጠራት ገባች። አማተበች፣ ክኒኗን ከጠረጴዛው አንሥታ ዋጠች፣ ውሃውን እስከ ታች ጠጣችው። የዕለቱ የመጀመሪያ ውሃዋ ነበር። አዲስዓለም የቀሩትን አራቱን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻት፤ ነገ በዚሁ ሰዓት በግራና በቀኝ ጉንጭሽ ሁለት ሁለት ትይዣቸዋለሽ፣ ነገ ሐሙስ ነው፣ ጾም የለውም አለቻት። ከዚያ ቁርጠት ይመጣል፣ ደም ይመጣል፣ ከወር አበባ ይበልጣል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ሞዴስ ካራሰ፣ ሁለት ሰዓትም እንደዚያው ከቀጠለ፣ ሆስፒታል ነው፤ በተለይ ለአንቺ፣ ማህፀንሽ የተሰፋ ነውና፣ ማመንታት የለም።

«ማታ ከሆነስ?» አለች ሠርካለም።

ይህ ነበር የቀረው። ከተማው ውስጥ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ማለፊያ ወረቀት የሌለው ባጃጅ አይንቀሳቀስም። ከእነሱ ሰፈር ሆስፒታሉ ድረስ ዳገት ነው፤ በቃሬዛ ለመውሰድ ወንዶች መጥራት አለ፣ ወንዶች ለመጥራት ደግሞ ምን ሆነች ለሚሉት መመለስ አለ።

«እኔ አለሁ» አለች አዲስዓለም።

«ታዝይኛለሽ?» አለች ሠርካለም፤ ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ያለች መሰለች። ወረቀቱን ደረቷ ውስጥ ከተተችው። «ድንቹ እንዳይረሳ» አለቻት አዲስዓለም።

አዲስዓለም ወደ ቤቷ ስትመለስ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። ገብረመድኅን ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ መቋሚያውንና የመጽሐፍ ማኅደሩን ይዞ ከበሩ ሲወጣ ተገናኙ።

«ሰሞን ገባሁ» አላት።

«ያንተ ሰሞን ያለፈው አልነበረም እንዴ?»

«መምሬ ይርጋ ተዝካር አለበት። ልተካህ አልኩት።» ሰሞን የገባ ቄስ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ነው የሚያድረው። «እስከ እሑድ አልመጣም።»

አዲስዓለም እፎይ አለች። እስከ እሑድ አያይም፣ አይሰማም፤ ከግድግዳው ወዲያ ሠርካለምና ልጆቹ ብቻ ናቸው። እፎይ በማለቷም ትንሽ አፈረች፤ ሃፍረቱም እንደሌላው ሁሉ ከሩቅ ነበር። ወንድሟ ግን አልሄደም። የበሩን ቆርቆሮ በመቋሚያው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው፤ ከፍቶ ዘግቶ ስፋቱን የሚያይ ይመስል ነበር።

«ሠርካለምን እያየሻት» አለ።

«ምን ሆነች?»

«እያየሻት ነው ያልኩሽ» አለና የዳገቱን መንገድ ያዘ። ወደ ኋላው አልዞረም።

ሠርካለም የተቀቀለውን ድንች ለልጆቹ ትልጥላቸው ነበር። ትንሹ ጭኗ ላይ ነው። እማሆይ ከወዲህኛው በር ደፍ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ያሽከረክራሉ። አዲስዓለም ነገ ልጆቹ የት እንደሚውሉ፣ የቆሸሸው ጨርቅ የት እንደሚታጠብ፣ ለእማሆይ ምን እንደሚባል እያሰበች፣ ከሁለቱ በሮች መካከል የልጆቹን ልብስ ከገመዱ ላይ ትነካካ ነበር፤ ደርቋል፣ አልደረቀም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከበሩ ውጭ ጥሩንባ ጮኸ። አንዋር ነበር፤ ከታችኛው ሰፈር ባጃጅ የሚነዳው።

«ሲስተር፣ የግቢውን በር ሁለቱንም መዝጊያ ክፈቺልኝማ፣ ላስገባው።»

«ምኑን?»

«ባጃጁን ነዋ! መምሬ አልነገሩሽም እንዴ?» አንዋር ከመሪው ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «እስከ እሑድ እዚህ ይደር፣ አንተም ከጎተራው አጠገብ ካለችው ክፍል ተኛ፣ ሴቶቹ በፈለጉት ሰዓት ቢጠሩህ ሆስፒታል አድርሳቸው ነው ያሉኝ። ማለፊያውም ይኸው። ራሳቸው ናቸው ሄደው ያስፈረሙት።»

ወረቀቱ «ለሕሙማን ማመላለሻ» ይላል፤ ማኅተም አለው፣ የሰሌዳው ቁጥር አለው። ቀኑ የሰኞ ነው።

«ሰኞ ነው የሰጡህ?»

«ወረቀቱን ሰኞ። ‹ያዘው፣ እነግርሃለሁ› አሉኝ። ዛሬ ከሰዓት መጥተው ‹ከዛሬ ጀምር› አሉ። ምነው አልኳቸው፤ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ፤ የቄስ ነገር።»

ሠርካለም ትንሹን ልጅ ታቅፋ ከበሯ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። አዲስዓለም ተጠጋቻትና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኔ አልነገርኩትም፣ እግዚአብሔርን» አለቻት።

«አንቺ አይደለሽም» አለች ሠርካለም። ባጃጁን እያየች ነበር የምትናገረው። «የእኔን ወር ከእኔ ይልቅ እሱ ነው የሚቆጥረው። መቅደስ የሚገባበትን ቀን የሚያወጣው በዚያ ነው።» ድንች በነካው ጣቷ የልጁን አፍንጫ ጠረገች። «አውቆ ነው የከረመው፣ አዲሴ። ወር ሙሉ። ማታ ማታ ከዳር ሆኜ ምን እንደማደርግ ሳስብ፣ አጠገቤ ተኝቶ ያውቅ ነበር።»

ቁጣ አልነበረም፤ ለቅሶም አልነበረም። የድንቹን ዋጋ የተናገረችበት ድምፅ ነበር። አዲስዓለም ስለ ወንድሟ አንድ ነገር ልትል ፈለገች፤ ፈርቶ ነው ልትል፣ ወይም አዝኖ ነው፣ ወይም እንዲህ ነው የሚችለው። የትኛው እንደሆነ አላወቀችምና ተወችው። አንዋር ሞተሩን አስነሥቶ ባጃጁን ወደ ግቢው አስገባ፤ ጭሱ እስከ እማሆይ ደረሰ።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ እማሆይ ከደፉ ላይ።

«ባጃጅ ነው፣ እማሆይ። እንደምን አመሹ» አለ አንዋር።

«እዚህ ምን ይሠራል?»

«ሊያድር ነው።»

«ለማን?»

አንዋር አዲስዓለምን አያት። አዲስዓለም የፊተኛውን ጎማ አየች። መቁጠሪያው በእማሆይ ጣቶች መካከል ቆሞ ነበር፤ ዓይናቸው ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ልጆቹም ድንቹን እንደያዙ ወጥተው ያያሉ፤ ሞተሩ ብቻ ይንደቀደቃል።

«ለእኔ ነው» አለች ሠርካለም።

ልጁን ለአዲስዓለም አቀበለቻት፤ የልጆቹን ልብስ ከገመዱ ላይ ሰብስባ ለባጃጁ መንገድ ከፈተች። ከዚያ ወደ አንዋር ዞረች።

«ፊቱን ወደ በሩ አድርገህ አቁመው።»